ባለ ዲፕሎማው የማን የእንጀራ ልጅ ነው?

(በሙያና ቴክኒክ ምሩቃንና ወላጆች ስብሰባ ላይ አንድ የሙያ መምህር ያደረጉት ንግግር)

የተከበራችሁ እናቶቼና አባቶቼ፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ቱታችሁን ሳትቀይሩ ከሥራ ቀጥታ የመጣችሁ ልጆቼ፤

ስብሰባው ለ11 ሰዓት ተጠርቶ አሁን 12 ሊሆን ነው። ጥፋቱ የእናንተ አይደለም፤ የታክሲ ሰልፉን እኔም ቆሜበታለሁ። ከመካከላችሁ ብዙዎቹ የማታ ተማሪዎች እንደሆናችሁ አውቃለሁ። ዛሬ ክፍል ቀርታችሁ ነው የመጣችሁት፤ የቀራችሁበትን ክፍል ደግሞ ከፍላችሁበታል። ስለዚህ ወደ ጉዳዩ ልግባ።

ጉዳዬ ገንዘብ ነው። ስለ ትምህርት ጥራት የሚናገር ሞልቷል፣ ስለ ሥርዓተ ትምህርት የሚናገርም አልጠፋም። ስለ ገንዘቡ ግን አደባባይ ወጥቶ የሚናገር አላየሁም። አንድ ሰው ሙያ ተምሮ፣ የድሮውን ዲፕሎማ ወይም ዛሬ “ሌቭል ፎር” የምንለውን ይዞ ሥራ ገባ እንበል። ጥቂት ዓመት ሠርቶ “ዲግሪ ልጨምርበት” አለ። ወጪውን ማን ይችላል? መልሱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ራሱ ይችላል፤ በጥሬ ገንዘብ፤ ገና አንድ ቀን ሳይማር። እኔ ዛሬ የምጠይቀው “ለምን?” ብዬ ነው።

ሁለት የአንድ ሰፈር ልጆችን እንውሰድ። ስም አልሰጣቸውም፤ በየሰፈራችሁ አሉ። አብረው ተማሩ፣ መብራት በጠፋ ቁጥር በአንድ ሻማ አጠኑ። የመጨረሻው ፈተና መጣና አንደኛው ማለፊያውን አገኘ፣ ሁለተኛው በጥቂት ነጥብ ቀረ። አንደኛው ሻንጣውን አንጠልጥሎ ዩኒቨርሲቲ ገባ። ዶርም ተሰጠው፣ ካፌ ተመገበ፣ አንድ ቅጽ ፈረመ። “ኮስት ሼሪንግ” የምትሉት ነው። አሁን ተማር፣ ሥራ ስትይዝ ትከፍላለህ ተባለ። ሁለተኛው የሙያ ኮሌጅ ገባ፤ ኤሌክትሪክ ተማረ፤ ሲኦሲ ተፈተነ፤ ሥራ ያዘ። የስንቱን ቤት መስመር ዘረጋ፣ የስንቱን ፋብሪካ ሞተር አስነሳ። ከደመወዙም ግብር በየወሩ ይቆረጥበታል። ይህ ልጅ ዲግሪ ልማር ብሎ ሬጅስትራር ፊት ሲቀርብ የሚሰጠው ቅጽ የለም። የሚሰጠው የባንክ ሂሳብ ቁጥር ነው።

እስቲ ንገሩኝ፤ ከሁለቱ የእንጀራ ልጁ የትኛው ነው?

አንድ ነገር ቶሎ ልበል። የመደበኛው ተማሪ ብድር ይነጠቅ እያልሁ አይደለም። እዚያም የደሀ ልጅ አለ፤ በአንድ ጥንድ ጫማ ሦስት ዓመት የጨረሰ አውቃለሁ። የኔ ክርክር ለሱ የተዘረጋው ገበታ ለወንድሙም ይዘርጋ ነው።

አሁን ደግሞ ሕጉን እንየው፤ ብዙ ሰው ስሙን እንጂ ውስጡን አያውቀውም። የወጪ መጋራት ነገር የመጣው በ1986 ዓ.ም. ከወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ነው። ፖሊሲው መንግሥት እስከ አጠቃላይ ሁለተኛ ደረጃ ማለቂያ ወጪውን እንደሚሸፍን፣ ከዚያ በላይ ግን ተማሪው እንዲጋራ አስቀመጠ። በሥራ ላይ የዋለው ዘጠኝ ዓመት ቆይቶ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 91/1995 ነው። በ2000 ዓ.ም. በሌላ ደንብ ተተካ፤ ፍሬ ነገሩ ያው ነው። ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ሙሉ ወጪ፣ የትምህርቱን ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶ ይጋራል። ይህን ዕዳ ሥራ ከያዘ በኋላ ከወር ገቢው ቢያንስ 10 በመቶ እየተቆረጠ ይከፍላል። ቆርጦ ለግብር ሰብሳቢው የሚያስገባው አሠሪው ነው። መክፈያው ከ15 ዓመት እንዳይበልጥ ተወስኗል። መምህር የሚሆን ደግሞ በገንዘብ ፋንታ በአገልግሎት ሊከፍል ይችላል።

ይህን ነገር የፈጠርነው እኛ አይደለንም። አውስትራሊያኖች በአውሮፓ አቆጣጠር በ1989 የጀመሩት መንገድ ነው፤ የኛ ሰዎች ወሰዱት፣ ጥሩ አደረጉ። ሐሳቡ ግልጽ ነው። ደሀ በኪሱ ገንዘብ ስለሌለ ከትምህርት አይቅር፤ ይማር፣ ሲያገኝ ይክፈል። መልካም! ታዲያ ይህ ሐሳብ ከመደበኛው ተማሪ አልፎ የማታውን በር ሲያንኳኳ ምን ነካው? በተግባር የማታው፣ የቅዳሜና እሑዱ፣ የግል ኮሌጁ ተማሪ ከዚህ ነገር ውጭ ነው። “ሲያገኝ ይክፈል” የሚለው ቃል “ካላገኘ ይቅር” ወደሚለው ይለወጣል።

ነገሩ የሚያሳዝነው እነዚህን ልጆች ወደ ሙያ የላካቸው ራሱ መንግሥት በመሆኑ ነው። ታስታውሳላችሁ፤ የአሥረኛ ክፍል ፈተና ሲመጣ፣ ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ 10+1፣ 10+2፣ ኋላም 10+3 ሲባል፣ ከመቶው ሃያው ወደ መሰናዶ፣ ሰማንያው ወደ ሙያ ይሄዳል የሚለው ቀመር በየስብሰባው ይዘመር ነበር። ወላጅ ሲያጉረመርም “በሩ አልተዘጋም፣ ልጃችሁ ሙያውን ይዞ ሠርቶ ዲግሪውን ይቀጥላል” ይባል ነበር። እኔ ራሴ ብያለሁ! ወላጆችን ሰብስቤ፣ ጠመኔ በእጄ ይዤ፣ ሰሌዳ ላይ መሰላል ስዬ አሳይቻለሁ። የመሰላሉ ደረጃዎች የሚሸጡ መሆናቸውን ግን ማንም አልነገረኝም፣ እኔም አልተናገርሁም። ዛሬ እዚህ የቆምሁት ያ ሰሌዳ ስለሚቆጨኝም ጭምር ነው።

ያን ጊዜ ኢሕአዴግ ነበር። የአሥረኛ ክፍል ፈተና ቀረ፣ ፓርቲውም ከስሞ ስሙ ተለወጠ። የሙያ ደረጃዎቹም ከአንድ እስከ አምስት ተብለው እንደገና ተሰየሙ። የባንክ ሂሳብ ቁጥሩ ግን አልተለወጠም።

ዛሬማ ነገሩ ብሷል። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉ ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ ሠላሳ ሺህ እንኳ አልሞሉም። በማግስቱ ዓመት 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ሆነ። ስለ ኩረጃው መቆም፣ ስለ ፈተናው ጥብቅነት የተባለውን ሰምቻለሁ፤ ኩረጃ ይቁም፣ እኔም እደግፋለሁ። ግን ቀሪዎቹ የት ሄዱ? “ወደ ሙያ” ነው መልሱ። እንግዲህ በሩን ያጠበበው አካል ለተረፉት የሚያሳየው ሌላ በር ይህ ከሆነ፣ ከዚያ በር ወደ ላይ የሚወስደው ደረጃ በጥሬ ገንዘብ ብቻ መሆን አለበት?

የአንዲት ልጅ ነገር ልንገራችሁ። አስተምሬያታለሁ። ሰርቬይንግ ነው ያጠናችው። በመስክ ላይ ከወንዶቹ ቀድማ መሣሪያውን ተሸክማ የምትወጣ ልጅ ነበረች። ተመረቀች፣ አንድ የመንገድ ሥራ ላይ ተቀጠረች። ቦታውን በደንብ እየሠራች ሳለ ከዩኒቨርሲቲ አዲስ የወጣ ልጅ አለቃ ሆኖ መጣባት። ዳምፒ ሌቭል እንዴት እንደሚተከል ያሳየችው እሷ ናት፤ ፈራሚው ግን እሱ ነው። አልተቀየመችም፤ “ጋሼ፣ እኔም ዲግሪውን ልያዘው” አለችኝ። የማታ ተመዘገበች። የመጀመሪያውን ሴሚስተር በዕቁብ ከፈለች፤ ዕጣው ቀድሞ ወጣላት። ሁለተኛውን ከእናቷ ወርቅ። ሦስተኛውን ከመሥሪያ ቤቷ ቅድሚያ ደመወዝ ወስዳ። እንዲህ እየሰፋች እየጠቀመች ሦስተኛ ዓመት ደረሰች። ከዚያ ፕሮጀክቱ ቆመ፣ ደመወዝ ሁለት ወር ዘገየ። የምዝገባው ቀን አለፈ፤ ቅጣት መጣ፤ ከቅጣቱ ጋር መክፈል አልቻለችም። አቋረጠች። ከተቋረጠ በኋላ ሥርዓተ ትምህርቱ ተለወጠና የወሰደቻቸው ኮርሶች ሁሉ እንደማይያዙላት ተነገራት። አሁን የት ናት አትበሉኝ፤ ሠርታ ትበላለች፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ግን ያ የእናት ወርቅ አልተመለሰም።

ልብ በሉ፤ ይህች ልጅ የወደቀችው በትምህርት አይደለም። ግሬድ ሪፖርቷን አይቼዋለሁ። የጣላት ሁለት ወር የዘገየ ደመወዝ ነው። አንድ መደበኛ ተማሪ አባቱ ደመወዝ ቢዘገይበት ከዶርም ይባረራል? አይባረርም፤ መባረርም የለበትም።

አሁን ወደ ሂሳቡ ልግባ። ቁጥሩ ለምሳሌ ያህል ነው፤ የየኮሌጁ ዋጋ ይለያያል፣ እናንተ የራሳችሁን አስገቡበት። አንድ ባለ ሌቭል ፎር በወር 7 ሺህ ብር ያገኛል እንበል። ሴሚስተሩ 9 ሺህ ብር ይሁን። በዓመት 18 ሺህ፣ በአምስት ዓመት የማታ ትምህርት 90 ሺህ ብር ነው። ይህ ሰው በየምዝገባው ከአንድ ወር ደመወዙ በላይ በአንድ ቀን ቆጥሮ ማስቀመጥ አለበት። ቤት ኪራይ አለ፣ ጤፍ አለ፣ ልጅ አለ፣ ታክሲ አለ፣ እድር አለ። ከየት?

ያው ሰው በደንቡ መንገድ ቢሄድስ? ከደመወዙ አሥር በመቶ፣ በወር 700 ብር ይቆረጥበት። በዓመት 8,400 ብር ይሆናል። በሚማርባቸው አምስት ዓመታት ብቻ 42 ሺህ ብር ከፈለ። የቀረው 48 ሺህ ነው። ዲግሪውን ይዞ ደመወዙ ወደ 11,500 ብር ከፍ ቢልለት፣ ይህን ቁጥር ከየት አመጣኸው ብትሉኝ ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ለመንግሥት ሠራተኛ የዲግሪ ጀማሪ የተነገረው ነው፣ አሥር በመቶው በወር 1,150 ብር ይሆናል። በዓመት 13,800። ሦስት ዓመት ተኩል፤ ዕዳው አለቀ። ከጀመረበት ቀን ስምንት ዓመት ተኩል ነው። ደንቡ የፈቀደው 15 ነው! ይህ ስሌት ሊቅ የሚጠይቅ አይደለም፤ እኔ በሻይ ቤት ናፕኪን ላይ ነው የሠራሁት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አያችሁ? መደበኛው ተማሪ ብድሩን ሲወስድ ገቢ የለውም። ሥራ ያገኝ እንደሆነ አይታወቅ፣ አገር ውስጥ ይኑር አይኑር አይታወቅ። መንግሥት ለሱ በተስፋ ነው የሚያበድረው። ባለ ዲፕሎማው ግን ዛሬ የደመወዝ ሊስት ላይ ነው። አሠሪው ይታወቃል፣ የግብር መለያ ቁጥሩ ይታወቃል፣ ጡረታው ይቆረጣል። ከብድሩ ማግስት ጀምሮ መቁረጥ ይቻላል። በየትኛውም ነጋዴ ዓይን ቢታይ፣ ዱቤ ለማን ትሰጣለህ ቢባል፣ ለዚህ ሰው ነው። የኛ አገር አሠራር ግን ዱቤውን ገቢ ለሌለው ሰጥቶ፣ ገቢ ላለው “ጥሬ ገንዘብ አምጣ” ይላል። ይህን የሚያስረዳኝ ባለሥልጣን ካለ መድረኩን እለቅለታለሁ።

ምን ይላሉ መሰላችሁ? አንደኛው መልሳቸው “የማታ ተማሪ ደመወዝ አለው፣ ስለዚህ ይክፈል” ነው። እውነት ነው፣ ደመወዝ አለው። ደመወዝ መኖሩ ግን በአንድ ቀን ብዙ ብር ማውጣት ያስችላል ማለት አይደለም። ደመወዝ በየወሩ ይመጣል፤ ስለዚህ በየወሩ ይቆረጥ። እኛም የምንለው ይኸንኑ ነው!

ሁለተኛው መልስ “ብድሩ አይመለስም፣ ክትትሉ ደካማ ነው” የሚል ነው። ክትትሉ ደካማ ከሆነ የማን ጥፋት ነው? አሠሪ ቆርጦ እንዲያስገባ ደንብ ወጥቷል። የቆረጠውን ያላስገባ ካለ እሱ ይጠየቅ። የአንዱ መሥሪያ ቤት ስንፍና ለሌላው ዜጋ ቅጣት የሚሆንበት ሥርዓት የትም አገር የለም ልበል? አለ ለካ። እዚህ አለ።

ሦስተኛው ደግሞ “ዲግሪ ዲግሪ አትበሉ፣ ሙያ ይበቃል” የሚለው ምክር ነው። ይህን ምክር የሚሰጡን ዲግሪ ያላቸው ሰዎች ናቸው። ከነሱ ውስጥ የገዛ ልጁን ሙያ ኮሌጅ ያስገባውን እስቲ በጣት ቁጠሩልኝ። ሙያ ክቡር ነው፣ ዕድሜዬን የሰጠሁት ለሱ ነው። ግን በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሥራ መደብ መስፈርቱን ያወጣው ማን ነው? ለዕድገት ማስታወቂያ ሲለጠፍ “የመጀመሪያ ዲግሪና ከዚያ በላይ” ብሎ የሚጽፈው ማን ነው? ጥሩ ሙያተኛ ሃያ ዓመት ሠርቶ ጣሪያው ላይ ሲደርስ ጣሪያውን የሠራው ሰው “ምን ቆርጦህ ቀና አልህ” ሊለው አይችልም።

ደግሞስ መንግሥት ሲፈልግ እንደሚያደርገው እናውቃለን። መምህራንን ተመልከቱ። የዲፕሎማ መምህር በክረምት መርሐ ግብር ዩኒቨርሲቲ ገብቶ፣ ወጪው ተሸፍኖለት፣ ዲግሪውን ሲይዝ ኖሯል። በልዋጩ በአገልግሎት ይከፍላል። ኮታው ጠባብ ነው፣ ምደባው አድልዎ አለበት የሚል እሮሮ እሰማለሁ፤ መንገዱ ግን አለ። ለመምህሩ ከተቻለ ለኤሌክትሪሺያኑ፣ ለሰርቬየሯ፣ ለሒሳብ ሠራተኛው፣ ለነርሷ ለምን አይቻልም? አገር የሚቆመው በመምህር ብቻ ነው እንዴ? (ጭብጨባ) ቆይ፣ ቆይ፤ መምህር ነኝ እኮ፣ በራሴ ላይ አታጨብጭቡብኝ።

ሰው አገር እንዴት ነው ላላችሁኝ፣ የእንግሊዝን ልንገራችሁ፤ ለንደን ያሉ ዘመዶቻችሁም የሚያውቁት ነው። እዚያ ኤች ኤን ዲ የሚባል የሁለት ዓመት የሙያ ትምህርት አለ። ሙሉ ዲግሪው 360 ክሬዲት ነው፤ ኤች ኤን ዲው 240 ነው። ስለዚህ በተመሳሳይ ትምህርት የሚቀጥል ልጅ የሚቀረው 120 ክሬዲት፣ አንድ ዓመት ነው። “ቶፕ አፕ” ይሉታል። ሞባይላችሁን ቶፕ አፕ እንደምታደርጉት ማለት ነው፤ የነበረው ሂሳብ አይጠፋም፣ ይጨመርበታል። ለዚያች አንድ ዓመትም የትምህርት ክፍያ ብድር አለ። በ2025 በአውሮፓ አቆጣጠር በተጀመረው የትምህርት ዘመን ጣሪያው 9,535 ፓውንድ ነበር። ገንዘቡ ለዩኒቨርሲቲው በቀጥታ ይከፈላል። ልጁ የሚመልሰው ገቢው ከወሰኑ ሲያልፍ፣ ካለፈው ላይ 9 በመቶ ነው። ከነሐሴ 2023 ወዲህ ለጀመሩት ወሰኑ በዓመት 25 ሺህ ፓውንድ ሆኖ ተደንግጓል። በ40 ዓመት ካላለቀ ይሰረዛል።

ገነት ነው አላልሁም። ዕዳው ከብዶ ልጆቹ ያማርራሉ፣ ክፍያው በ1998 አንድ ሺህ ፓውንድ ነበር፣ ዛሬ የት እንደደረሰ ሰማችሁ። ብድሩም ልክ አለው፤ የቀደሙ የትምህርት ዓመታት ይቆጠራሉ። ለትምህርቱ ርዝመት አንድ ዓመት ይጨመርና ቀድሞ የተማርህበት ይቀነሳል፤ ያለ አግባብ ዓመት ያባከነ ሊቸገር ይችላል። ይህ ሁሉ ሆኖ ግን “ሙያ ተምረሃልና ብድር አይገባህም” የሚል ሕግ አላወጡም።

ያ 240 ክሬዲት የሚባለው ነገር የኛን ሌላ ቁስል ይነካል። የኛ ባለ ሌቭል ፎር የሒሳብ ሠራተኛ ዲግሪ ሲጀምር ብዙ ጊዜ ከአንደኛ ዓመት ነው የሚነሳው። ሦስት ዓመት መዝገብ ሲይዝ የኖረ ሰው ተቀምጦ ዴቢት ምንድን ነው፣ ክሬዲት ምንድን ነው ይማራል። ይማር፣ ክለሳ አይጎዳም ልበል። ግን ይከፍልበታል! መንግሥት አንድ ጊዜ በሙያ ኮሌጅ የከፈለበትን ትምህርት ልጁ ሁለተኛ ጊዜ ከኪሱ ይገዛዋል። የተማረው ተቆጥሮለት ሁለት ዓመት ብቻ ቢቀረው፣ ቅድም ያልሁት 90 ሺህ ብር ከግማሽ በታች በወረደ ነበር። ከብድሩ እኩል የሚያስፈልገን ይህ ነው፤ እንዲያውም ለግምጃ ቤቱ ምንም ወጪ የለበትም።

ይህን ማን ያስተካክለው? እዚህ ላይ ሌላ ጉድ አለ። ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ የሙያ ሥልጠናው ያለው ሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ዘንድ ነው። ዩኒቨርሲቲዎቹ ያሉት ትምህርት ሚኒስቴር ዘንድ ነው። የመሰላሉ እግር አንዱ ግቢ፣ ራሱ ሌላው ግቢ ማለት ነው። ልጁ መሐል ላይ ተንጠልጥሏል። ለአንዱ ብታመለክቱ “ዲግሪ የኛ አይደለም” ይላችኋል፣ ለሌላው ብታመለክቱ “ሙያ የኛ አይደለም” ይላችኋል። ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ የተሳሳታችሁት እናንተ ናችሁ፣ መማር ፈልጋችሁ።

ባንክ ሂዱ የምትሉኝ ካላችሁ፣ ሄደናል። ባንክ መያዣ ይጠይቃል፤ ቤት ወይም መኪና። ቤትና መኪና ያለው ሰው ለሴሚስተር ክፍያ ባንክ አይሄድም። ብድርና ቁጠባ ማኅበር ያላችሁ ዕድለኞች ናችሁ፤ የሌላችሁ ዕቁባችሁን አጥብቃችሁ ያዙ፤ ዛሬ የኢትዮጵያ የማታ ትምህርት የገንዘብ ሚኒስትር የዕቁብ ዳኛ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያም አለኝ። ብድሩ ቢፈቀድ እንኳ ለማንኛውም ታፔላ ለሰቀለ ኮሌጅ እንዳይሆን። በነሐሴ 2002 ዓ.ም. የርቀት ትምህርት ይቁም፣ ሕግና መምህርነት በግል ተቋም አይሰጥ የተባለ ጊዜ የሆነውን አንረሳም። ውሳኔው ከጊዜ በኋላ በከፊል ለዘብ ቢልም፣ ከፍለው መሐል ላይ የነበሩ ልጆች ያደሩበትን ጭንቀት አይቻለሁ። ተቋም ሲፈቀድለትም ሲከለከልም ኪሳራው የሚወድቀው ከፋዩ ላይ ነው። ብድሩ በተማሪው ስም ተሰጥቶ ተቋሙ ቢዘጋ ዕዳው የማን ይሆናል? ይህ በደንቡ ውስጥ በጥቁር ቀለም ካልተጻፈ እኔ አልፈርምም፣ እናንተም አትፈርሙ። የሲኦሲ ማረጋገጫችሁንም ሳትይዙ አትመዝገቡ፤ ካለሱ ገብታችሁ ዲግሪውን ስትይዙ “መነሻህ የታለ?” የሚላችሁ ይመጣል፣ ያን ጊዜ የከፈላችሁትን የሚመልስላችሁ የለም።

የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። የወጪ መጋራቱ ደንብ የማታውንና የቅዳሜ እሑዱን ተማሪ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ያካትት። ምግብና መኝታ አንጠይቅም፤ ቤታችን በልተን ቤታችን እናድራለን፤ የትምህርቱን ክፍያ ብቻ ነው። ቆረጣው ከመጀመሪያው ወር ይጀምር፣ አንፈራም። ደመወዝ ሲቋረጥ ቆረጣውም ይቁም፣ ምዝገባው ግን አይቁም። በሙያ ደረጃ የተማርነው ይቆጠርልን። የግል ኮሌጆቹን ነገር በሁለተኛው ዙር እንመጣበታለን፤ ሁሉን ባንድ ጊዜ ጠይቀን ሁሉን እንዳናጣ።

ሁለቱም ሚኒስቴሮች አንድ ዓይነት ደብዳቤ በአንድ ቀን ይደርሳቸዋል፤ አንዱ ወደ ሌላው እንዳይገፋን ግልባጩን ለሁለቱም አድርገናል። ደብዳቤው በሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ ነው። ስትወጡ አንብቡት፤ ካልተስማማችሁ አትፈርሙ። የምትፈርሙ ስማችሁን፣ የተማራችሁትን ሙያና የተመረቃችሁበትን ዓመት ጻፉ። የሴሚስተር ክፍያ ደረሰኝ ያላችሁ ኮፒውን አምጡልን፤ ዋናውን አትስጡን፣ ዋናውን ለማንም አትስጡ። እስከ ሚቀጥለው ቅዳሜ እንሰበስባለን።

አሁን 12 ሰዓት ከሩብ ሆኗል። ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ መድረስ የምትችሉ ሂዱ፣ አልቀየምም። ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ።